ኮምፒዩተር ልንጠይቅ ሄደን ርዕሰ መምህር የጠየቅንበት ቀን

ስለ ኤችቲኤምኤል፣ ስለዚያ የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ፣ ማውራት ስጀምር ሰው ያዛጋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከሥጋ ቤቱ ብጀምረው ይሻል ነበር። ግን አስተማሪ ነኝ፤ ምዕራፍ አንድን ሳልጨርስ ምዕራፍ ሦስት መግባት አልችልም። ታገሡኝ፤ ሥጋው ይመጣል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወላይታ ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ ተምሬ፣ ከገሱባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። ዘመኑ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፕላዝማ የተሰቀለበት፣ ተማሪውም አስተማሪውም አንድ ለአምስት የተደራጀበት ነው። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። የጠመኔዎቼን ቀለም በቀለም ለይቼ አስቀምጥ ነበር። አንድ ተማሪ አንድ ነገር ቢጠይቀኝ ሦስት ነገር እመልስለት ነበር፤ ሁለቱን ሳይጠይቀኝ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። አንድ ስል አንድ። የሚኖረውም በርዕሰ መምህሩ በአቶ መርክነህ ቢሮ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው በኪሮሽ የሠሩለት ሦስት ነጭ ዳንቴሎች ነበሩት፤ አንዱ ለስክሪኑ፣ አንዱ ለኪቦርዱ፣ ትንሿ ደግሞ ለማውሱ። ማውሱ ዳንቴሉን ለብሶ ሲታይ ክርስትና የሚነሳ ሕፃን ይመስል ነበር። ዳንቴሉን የማንሳት ሥልጣን ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲያነሱትም በአራት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ማሽኑን አይተው፣ አቧራ አለመኖሩን አረጋግጠው፣ መልሰው ይሸፍኑታል።

ተማሪዎቼ የሚማሩት በካርቶን ነው። ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምኜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ በፓርከር ፊደላቱን አንድ በአንድ ጽፌ አርባ ኪቦርድ ሠራሁ። «ኢንተር!» ስል አርባው ተማሪ እኩል ካርቶኑን ይመታል፤ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ነው። አንድ ቀን አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የኔ ሀንግ አደረገ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅኩም።

በዚህ መካከል አንድ ደብዳቤ መጣ። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በዞኑ በኩል ሃያ ኮምፒዩተር ለአንድ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ነው። ሦስት ትምህርት ቤቶች ይወዳደራሉ፤ የእኛ፣ አንድ ከቤሌ በኩል፣ አንድ ከዲምቱ በኩል። እያንዳንዱ ማመልከቻውን በድረ ገጽ መልክ አዘጋጅቶ፣ በፍላሽ ይዞ ዓርብ ሶዶ ይቅረብ ይላል። ከሥር ሁለት ማሳሰቢያ ነበረ፤ «ዋናው ጉዳያችሁ በዋናው ርዕስ ይቀመጥ» እና «ታጎች እንደ ትርጉማቸው ይሁኑ»።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ታግ ማለት በጽሑፍ ላይ የምንለጥፈው መለያ ነው። አንባቢው አያየውም፤ የሚያነበው ኮምፒዩተሩ ነው። «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው» እያለ ይነግረዋል። ይህን የምላችሁ ዛሬ ነው። ያኔ ግን ከኮሌጅ ባመጣሁት ደብተር ላይ የተጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ ኤች ዋን ትልቅ ፊደል፤ ኤች ሲክስ ደቃቅ ፊደል፤ ብሎክኮት ጽሑፍ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ አድረስ ፊደል ያዘነብላል። ይህንኑ ተማሪዎቼን አስጽፌ፣ በቃል አስጠንቼ፣ ፈትኜ፣ «ራይት» አድርጌላቸዋለሁ። ስለዚህ «እንደ ትርጉማቸው» የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ትርጉማቸውንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል!

ረቡዕ ጠዋት አቶ መርክነህ ሦስቱን ዳንቴሎች በሥነ ሥርዓት አነሱልኝ። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

«መምህርት ሕይወት፣ ዋናው ጉዳይ በዋናው ርዕስ ይቀመጥ ይላል አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«የትምህርት ቤቱ ዋና ማን ነው?»

ስማቸውን ከነማዕረጋቸው በኤች ዋን ጻፍኩት። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። አቶ መርክነህ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አዩት፤ ከዚያም ቆመው አዩት።

ምክትላቸውን አቶ ጫፎን በኤች ቱ ጻፍኳቸው። እሳቸውም በአጋጣሚ ገቡ፤ በዚያ ቢሮ በአጋጣሚ የሚገባ ሰው ግን የለም።

«የኔ ስም ምን ሆኖ ነው የኮሰመነው?»

«ኤች ቱ ስለሆነ ነው አቶ ጫፎ።»

«ኤች ቱ ማለት?»

«ከኤች ዋን ቀጥሎ ያለው።»

«ቀጥሎ?» አሉና ሳይጋበዙ ተቀመጡ። «በዲፕሎማም በዲግሪም ከሳቸው እኩል ነኝ። ግምገማ ላይ ያገኘሁትን ነጥብ ላምጣልሽ?»

ኤች ዋን አደረግኳቸው። ከዚያ ሁለቱም ተያዩና የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢው ጋሽ አንጁሎ ቢያንሱ ወላጅ ይቆጣል አሉ፤ እሳቸውም ኤች ዋን ሆኑ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ደግሞ እንግዳ በትንሽ ፊደል አይቀበሉምና ኤች ዋን ሆነ። የመምህራንን ስም ነጥብ ነጥብ በሚያወጣው የዝርዝር ታግ ደረደርኩት፤ ነጥቡ ያምራል። የተማሪውን ብዛት በብሎክኮት ወደ ውስጥ አስገባሁት። «ዕውቀት ብርሃን ነው» የሚለውን መፈክር በአድረስ አዘነበልኩት። በመጨረሻም «ትምህርት ቤታችን ወደፊት!» የሚል ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሮጥ አደረግኩ። አቶ መርክነህ ይህን ሲያዩ ከየክፍሉ መምህራን አስጠሩ። የሂሳብ መምህሩ ጽሑፉ ከስክሪኑ ወጥቶ የት እንደሚሄድ ለማየት ከጀርባው ዞሮ አየ።

«የካርቶኑ ነገርስ? ሃያ ኮምፒዩተር እንደሚያስፈልገንስ የት ልጻፈው?» አልኩ።

አቶ መርክነህ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የካርቶኑ ነገር ገበና ነው፤ ተይው። ሃያ ኮምፒዩተሩን ደቃቅ አድርገሽ ከታች አስቀምጪው። ለማኝ አንምሰል።»

በኤች ሲክስ አስቀመጥኩት። የልብስ ስፌት መርፌ ቀዳዳ ያህል ሆነ።

ሐሙስ እኔ፣ አቶ መርክነህ፣ አቶ ጫፎና ጋሽ አንጁሎ በአውቶቡስ ሶዶ ገባን። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው፤ ፍላሹን በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር በእጄ እይዘው ነበር። በቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ አንድ የካርቶን ኪቦርድ አለ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ደብተሮቼ እንዳይተጣጠፉ ይሆናል።

ጋሽ አንጁሎን ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። በቤታቸው ወላይትኛ፣ ቢሮና ገበያ ሲገቡ አማርኛ ይናገራሉ፤ ሰው ሲያናግሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ሁላችንንም «አንተ» ይላሉ። በመንደራቸው ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በሬ ሲታረድ ሥጋውን የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያካፈሉት ሥጋ ላይ ተጣልቶ የሚያውቅ ሰው የለም ይባላል።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢያቸው መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ፕሮጀክተሩን የምታንቀሳቅሰው ትዕግስት የምትባል የዞኑ ባለሙያ ነች፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም።

«ማንም በጌጥ እንዳይበልጥ» አለች ትዕግስት፣ «ገጾቻችሁን የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ቀለሙንና የፊደሉን መጠን ሁሉ ይጥላል። ታጎቹን ብቻ አይቶ አንድ አጭር ማጠቃለያ ያወጣል፤ ዳኞች የሚያዩት እሱን ነው። አሁን ሙከራ ነው። ማስተካከል የሚፈልግ እስከ ስምንት ሰዓት አስተካክሎ ማምጣት ይችላል።»

የዲምቱዎቹ ገጽ ቀድሞ ቀረበ። ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ፤ የሚሮጥ ነገር የለው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የለው። አዘንኩላቸው። የቤሌዎቹም እንደዚያው ነው። ከዚያ የእኛ ተከፈተ። ስሞቹ ተገተሩ፤ መፈክሩ ሮጠ። አዳራሹ ውስጥ «ኦ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ መርክነህ ኮታቸውን ቆለፉ።

ትዕግስት አንድ ቁልፍ ተጫነች። ገጹ ጠፋና ማጠቃለያው መጣ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ይህ ማመልከቻ የሚጠይቀው፦ አቶ መርክነህን፣ ርዕሰ መምህር።»

ቆም አሉ። ቀጠሉ።

«ይህ ማመልከቻ የሚጠይቀው፦ አቶ ጫፎን፣ ምክትል ርዕሰ መምህር። ይህ ማመልከቻ የሚጠይቀው፦ ጋሽ አንጁሎን...» ቀና አሉ። «ርዕሰ መምህር የላችሁም እንዴ?»

አቶ መርክነህ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ!»

«አሉ ማለት ነው?»

«አለሁ!»

«ታዲያ ካሉ ለምን ይጠየቃሉ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊያስመስል ሞከረ። ሰብሳቢው ግን ቅን ሰው ስለሆኑ ማንበባቸውን አላቆሙም።

«በትምህርት ቤቱ የጎደለው፦» አሉና የመምህራኑን ስም አንድ በአንድ ጠሩ። ከጎደሉት መካከል ሰባተኛዋ እኔ ነበርኩ። «ሌሎች እንደሚሉት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አሉት። አድራሻ፦ ዕውቀት ብርሃን ነው።»

ፕሮግራሙ ዋናውን ርዕስ የሚጠየቅ ነገር፣ ዝርዝሩን የጎደለ ነገር አድርጎ ነው ለካ የሚያነበው። ብሎክኮትም የሌላ ሰው ንግግር የሚጠቀስበት ታግ ነው። ተማሪዎቻችን ወሬ ሆኑ። አድረስም ስሙ እንደሚለው አድራሻ ነው። ሃያ ኮምፒዩተር የሚለው ከ«እንኳን ደህና መጣችሁ» ሥር፣ በስድስተኛ ደረጃ ተቀብሮ ስለነበር ማጠቃለያው ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

ሲጨርሱ ትዕግስት ወደ እኔ መጥታ በቀስታ፣ «እህቴ፣ ታጎቹን በመልካቸው ነው እንዴ የመረጥሻቸው?» አለችኝ። አልሳቀችብኝም። ያለመሳቋ ባሰብኝ፤ እኔ ለአርባ ተማሪ «ራይት» ያልኩት ነገር ነው ፊቴ ላይ የተነበበው።

ሥጋ ቤቱ ይኸው ደረሰ።

ስድስት ሰዓት ላይ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሥጋ ቤት ገባን። ቁርጥ ከነዳታው ቀረበ። ዳታ የወላይታ ቃሪያ ድቁስ ነው፤ የነካው ያለቅሳል፤ በዚያን ቀን ለእኔ ጥሩ ሽፋን ሆነልኝ።

«ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው» አሉ አቶ መርክነህ ቢላዋውን እያወዛወዙ። «ሰው አያከብርም።»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኤች ዋን ትልቅ ፊደል ማለት አይደለም። ‹ይህ ገጽ ስለዚህ ነው› ማለት ነው። ሦስታችሁን ርዕስ ሳደርጋችሁ ገጹ ስለ እናንተ ሆነ። አሁን ስማችሁን ወደ ፒ ላውርደው።»

«ፒ ማን ነው?» አሉ አቶ ጫፎ።

«አንቀጽ ነው። ተራ ጽሑፍ።»

«ተራ!» አቶ መርክነህ የያዙት ጉርሻ ዳታው ውስጥ ወደቀ። «ስንት ዓመት ያገለገልኩት ተራ ውስጥ ለመግባት ነው? አዳራሽ ሙሉ ሰው ስሜን በርዕስ አይቶት፣ ከሰዓት ተራ ውስጥ ቢፈልገኝ ምን ይላል? ወረደ አይልም?»

«ከወረዱ እኔም እወርዳለሁ» አሉ አቶ ጫፎ። «ካልወረዱ ግን አልወርድም።»

«እንግዲያው ሃያውን ኮምፒዩተር እናጣለን» አልኩ። «ልጆቹ በካርቶን ይመረቃሉ።»

ጋሽ አንጁሎ እስከዚያ ሰዓት ሥጋቸውን በትንንሹ እየቆረጡ፣ በቀረቻቸው ጥርስ በኩል እያሳለፉ ይበሉ ነበር።

«አንተ ቲቸር» አሉኝ። «ያ ፕሮግራም ሥጋ አካፋይ ነው በለኛ።»

«እንዴት ጋሽ አንጁሎ?»

ከሳህኑ ላይ አንድ ትንሽ ቁራጭ አነሱ። «ይሄ ሽንጥ ነው። መዳፌን አይሞላም። ቅልጥም ደግሞ ክንዴን ያህላል። መርክነህ፣ ቅልጥም ትልቅ ነው ብዬ፣ አንተን ለማክበር ጥሬውን በዳታ ባቀርብልህ ምን ትላለህ?»

«ጥርሴን ሊያስወልቁኝ ነው ወይ እላለሁ» አሉ አቶ መርክነህ፣ ሳይወዱ ፈገግ እያሉ።

«አየህ። ሽንጥ ለቁርጥ፣ ቅልጥም ለሾርባ። ስሙ ሥራውን ነው የሚነግርህ፤ ስፋቱን አይነግርህም። ጊፋታ ላይ አዲስ አካፋይ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሽማግሌ ይከበር ይልና ትልቁን ለሽማግሌ ይሰጣል። ሽማግሌ ጥርስ የለውም! ትልቁን ታቅፎ ይቀመጣል፣ የሰው አፍ ያያል። እኔን ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ትልቁን ሰጣችሁኝ። ታቅፌው ተቀመጥኩ። አልበላሁትም። ውሰድልኝ ቲቸር፣ እዚያ ፒ ያልከው ጋ አስቀምጠኝ።»

አቶ መርክነህ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ አንጁሎ አልጨረሱም።

«ልጄ ማርታ የቲቸር ተማሪ ናት፤ ያውቃታል። እናቷ ቆጮ ስታዘጋጅ እሷ ካርቶን ትነካካለች። ‹ምን ትሠራለህ?› ትላታለች እናቷ። ‹ደብዳቤ እጽፋለሁ።› ‹ለማን?› ‹አይሄድም እማዬ፣ ካርቶን ነው› ትላለች። እኔ ሶዶ የመጣሁት ስሜን ግድግዳ ላይ ለማየት አይደለም። ስሜን አውቀዋለሁ።»

አቶ መርክነህ ቢላዋውን አስቀመጡ። ሰዓታቸውን አዩ። «ስድስት ተኩል ሆኗል» አሉ። «የኢንተርኔት ቤት የት ነው ያለው?»

ኢንተርኔት ቤቱ ጠባብ ነው። እኔ ተቀመጥኩ፤ ሦስቱ ከኋላዬ ቆሙ። ገጹን ከፍቼ ሁሉንም ታግ አራገፍኩት። ጽሑፉ ራቁቱን ቀረ። ጠቋሚው መጀመሪያው መስመር ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።

«አሁን አንድ ኤች ዋን ብቻ ነው ያለን» አልኩ። «ይህ ገጽ ስለ ምንድን ነው?»

በሕይወቴ እንዲህ ቀላል ጥያቄ ጠይቄ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

«በብቁ አመራር የተገኙ ስኬቶች» አሉ አቶ መርክነህ፣ በለመደ አፍ።

«ስኬት ካለ ምን ሊጠይቅ መጣ ይሉናል» አሉ አቶ ጫፎ።

«የአይሲቲ ልማት አቅጣጫ...»

«መርክነህ» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «ምን ፈልገን መጣን?»

«ኮምፒዩተር።»

«ለምን ፈለግን?»

«ስለሌለን።»

«ጻፈው እንጂ ቲቸር፤ ተናገረ እኮ!»

ጻፍኩት፦ «ኮምፒዩተር የለንም፤ ተማሪዎቻችን በካርቶን ይማራሉ።» አቶ መርክነህ አነበቡት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የለንም አትበይ፤ ውሸት ይሆናል። አንድ አለን።» እውነታቸውን ነው። አስተካከልኩት፦ «አንድ ኮምፒዩተር አለን፤ ተማሪዎቻችን ግን በካርቶን ይማራሉ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታውን እየፈለገ መጣ። የሚያስፈልገን በዝርዝር ታግ፣ የተማሪው ብዛት በአንቀጽ፣ አድራሻው በአድረስ። ሦስቱ ስሞች ከታች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ማንም ከማንም አልበለጠም። አቶ ጫፎ ይህን ሲያዩ «ከመጀመሪያውም እንዲህ ቢሆን እኮ እኩል ነበርን» አሉ።

የቀረው ረቡዕ የዘለልነው ሠንጠረዥ ነው። ደብዳቤው ሦስት ዓምድ ይጠይቃል፦ ያለ መሣሪያ፣ የሚገኝበት ቦታ፣ የሚጠቀምበት ሰው። «አንድ ኮምፒዩተር» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ።

«የሚገኝበትን ዝለዪው» አሉ አቶ መርክነህ።

«ባዶ ከተተወ ፕሮግራሙ ‹አልተሞላም› ብሎ ያወጣዋል ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። «ርዕሰ መምህር ቢሮ» አሉ።

«የሚጠቀምበትስ?»

አቶ መርክነህ የኮታቸውን ቁልፍ ነካኩ። በመጨረሻ አቶ ጫፎ፣ «እውነቱ ይነገር ከተባለ የሚጠቀምበት ዳንቴሉ ነው» አሉ።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ሳቀ። አቶ መርክነህ አልሳቁም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ መስሎኝ ጣቶቼን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። እሳቸው ግን በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብለው፣ «ማንም የለም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፍላሹን ለትዕግስት ሰጠኋት። ሰብሳቢው እንደ ጠዋቱ ጮክ ብለው አነበቡ። «ይህ ማመልከቻ የሚጠይቀው፦ አንድ ኮምፒዩተር አለን፤ ተማሪዎቻችን ግን በካርቶን ይማራሉ።» ዓረፍተ ነገሩ ከመግቢያው ጋር አይገጥምም ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም። ሠንጠረዡ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የሚገኝበት፦ ርዕሰ መምህር ቢሮ። የሚጠቀምበት፦ ማንም የለም።» አቶ መርክነህ ወለሉን ያያሉ።

«ካርቶን ማለት ምን ዓይነት ካርቶን ነው?» ብለው ጠየቁ ሰብሳቢው።

ከቦርሳዬ አወጣሁት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። በተማሪ ጣት ብዛት ጥቂት ፊደላት ደብዝዘዋል፤ የኢንተር ቦታ ጭራሽ ተልጦ የሳሙናው ስም ብቅ ብሏል። በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ምን እንደጻፉ እንጃ።

አሸነፍን ብላችሁ ከጠበቃችሁ አዝናለሁ፤ ሃያው ኮምፒዩተር ለዲምቱዎቹ ሆነ። መብራት የገባለት፣ በር ያለው፣ መስኮቱ ፍርግርግ የተሠራለት ክፍል አዘጋጅተው ነበር፤ ያንንም በአንቀጽ ታግ አስቀምጠውታል። እኛ ለኮምፒዩተር ያሰብነው ክፍል በር አልነበረውም። ሰብሳቢው ግን፣ «ሌላ ዕርዳታ ሲመጣ ቀድሞ የሚታየው የእናንተ ገጽ ነው፤ ክፍላችሁን አዘጋጁ» አሉን። ካርቶኑን አልመለሱልኝም፤ «ይህን እኔ ጋ ልተወው» አሉ።

በመልሱ አውቶቡስ አቶ መርክነህ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ገሱባ ደረስን። እኔ የሥራ መልቀቂያዬን በሐሳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ርዕሱን እንኳ መርጬለት ነበር።

ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዘጠነኛ ሀ ነኝ። «ኢንተር!» አልኩ፤ ዝናቡ ዘነበ። በሩ ተገፋ። አቶ መርክነህ ስክሪኑን ታቅፈው ገቡ። ከኋላቸው አቶ ጫፎ የማሽኑን ሣጥንና ኪቦርዱን ተሸክመዋል፤ ማውሱ በኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ጅራቱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ተማሪዎቹ ብድግ አሉ።

አቶ መርክነህ ስክሪኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ላባቸውን ጠረጉ።

«መምህርት» አሉ፣ «ያን ሠንጠረዥ አስተካክዪው። የሚገኝበት፦ ዘጠነኛ ሀ።»

«የሚጠቀምበትስ ጋሼ?»

ክፍሉን ከፊት እስከ ኋላ አዩት። «ሲጠቀሙ አይተሽ ሙዪው» ብለው ወጡ።

መጀመሪያ የነካችው ማርታ ነች። ለአባቷ ደብዳቤ ጻፈች። ሁለት መስመር ለመጻፍ የክፍለ ጊዜው ግማሽ አለቀ፤ ማንም ግን አልተቆጣም።

በዚያው ቀን ደብተራችንን አስወጣሁና «ኤች ዋን ትልቅ ፊደል» የሚለውን ሁላችንም አንድ ላይ ሰረዝነው። «ያስተማርኳችሁ ስህተት ነበር» ማለት በአርባ ተማሪ ፊት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ነገሩን ሳስተምር የመጀመሪያ ጥያቄዬ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። «ይህ ነገር ምን ያህል ይታይ?» ብዬ አልጀምርም፤ «ይህ ነገር ምንድን ነው? ሥራውስ?» ብዬ እጀምራለሁ። መልኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንባቢዎቼ፣ ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። የማትሠሩም ብትሆኑ አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ ቢሯችሁ ውስጥ፣ ቤታችሁ ውስጥ «የዚህ ሁሉ ርዕስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝምታውን አዳምጡት። እኔ በዚያ ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ያን ዝምታ ባልሰማ ኖሮ ዛሬም ሰው ባከበርኩ ቁጥር ቅልጥም የማቀርብ መምህርት እሆን ነበር።

የኮምፒዩተሩ ክፍል በር ተሠራለት፤ በኋላም ኮምፒዩተሮች መጡለት። ሦስቱ ዳንቴሎች ግን ከቢሮው አልወጡም። አቶ መርክነህ አጥበው፣ ተኩሰው፣ በየቦታቸው ባዶው ጠረጴዛ ላይ አነጠፏቸው፤ የስክሪኑ በስክሪኑ ቦታ፣ የኪቦርዱ በኪቦርዱ ቦታ፣ ትንሿም በማውሱ ቦታ። የማያውቅ እንግዳ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አንዳች ነገር እንዳያፈስ ተጠንቅቆ ይቀመጣል።